አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት፦ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን እንይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። እኔና ባለቤቴ ስንቆጥብ የኖርነውን ብር ይዘን፣ ከቤተሰብም ተበድረን ቤት ልንገዛ ነው። ሰሚት አካባቢ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+1 (ባለ አንድ ፎቅ) ቤት አግኝተናል። ከተሠራ 12 ዓመት ገደማ ሆኖታል ተብለናል። ውስጡ ሙሉ በሙሉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ በጣም ያምራል። ደረጃው ስር ግን አንድ ስንጥቅ አየሁ። ደላላው ‹የልስን ነው፣ የማይሰነጠቅ ቤት የለም› አለን። የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጠው ወንድሙ በውክልና ነው። ሌላ ገዢ ስላለ እስከ ቅዳሜ ቀብድ ክፈሉ እየተባልን ነው። ምን ምን ማየት አለብን? ስንጥቁስ ያሳስባል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ቅዳሜው። ቅዳሜ ቀብድ አትክፈሉ።

ብዙ ሰው ቀብድን «ለጊዜው ይዤ ልቆይ» ብሎ ነው የሚከፍለው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ቀልድ አይደለም። የከፈለው ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በውላችሁ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር ማለት ነው። ስለዚህ ከከፈላችሁ በኋላ የምታገኙት ችግር የእናንተ ራስ ምታት ነው። ሳትከፍሉ ያገኛችሁት ችግር ደግሞ የሻጩ ራስ ምታት ነው፤ ዋጋ ያስቀንሳል።

ሌላ ገዢ ሊኖር ይችላል። ደላላ ሁሉ ይዋሻል አልልም። ቢኖርም ባይኖርም መልሳችሁ አንድ ይሁን፦ «ባለሙያ ይዘን መጥተን እንየው፣ ከተስማማን በማግስቱ እንፈጽማለን።» ባለሙያ አይግባብኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ያን ቤት ተዉት። ምክንያቱን መጠየቅም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቀለሙ። አዲስ ቀለም በራሱ ጥርጣሬ የሚያስገባ ነገር አይደለም። ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሁሉ ይቀባል። እንዲያውም እዚህ ቤት ላይ ቀለሙ ይጠቅማችኋል። ሻጩን በጨዋታ መሃል «መቼ ነው የተቀባው?» ብላችሁ ጠይቁት። ባለፈው ወር ነው ካላችሁ፣ ያንን ቀን ያዙና ወደ ደረጃው ስር ተመለሱ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ስንጥቁን ከቅርብ እዩት። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ጠርዞቹን ሸፍኗል? እንደዚያ ከሆነ ስንጥቁ ከቀለሙ በፊት የነበረ ነው፤ ከተቀባም በኋላ ብዙ አልተንቀሳቀሰም። ወይስ ስንጥቁ ቀለሙን ራሱን ቀዶታል? ጠርዙ ስለት ያለው ይመስላል፣ ውስጡ ነጭ ጂፕሰም ወይም ግራጫ ሲሚንቶ ይታያል? እንዲህ ከሆነ ግድግዳው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ይሄ ትልቅ ወሬ ነው።

መብራቱን ስታበሩ ፊት ለፊት አታብሩት። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ፣ ብርሃኑ በጎን እንዲሄድ አድርጉት። በቀን ብርሃን ለጥ ያለ የሚመስል ግድግዳ በጎን ብርሃን ሲታይ እብጠቱና ጠባሳው ይወጣል። ተቆፍሮ እንደገና የተለሰነ ቦታ ካለ በግልጽ ታዩታላችሁ። በተለይ ከመስኮት ማዕዘን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሰያፍ የሚሄድ ጠባሳ ፈልጉ። እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ሦስት አራት መስኮት ላይ ከተደጋገመ፣ ቤቱ በየጊዜው እየተሰነጠቀ ይደፈናል ማለት ነው።

ለምን ይሰነጠቃል? መልሱ ብዙ ጊዜ ከቤቱ በታች ነው። ከቦሌ ጀምሮ በገርጂ፣ በሰሚትና ከዚያም ወዲያ ባሉት ሜዳማ ሰፈሮች ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው መረሬ የሚለው። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ በጋ ሲደርቅ ተሰብስቦ ይሰነጣጠቃል። ላዩ ላይ ያረፈውን ነገር ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ያነሳል፣ አንድ ጊዜ ያወርዳል። ጥንቁቅ ሰው ቤት ሲሠራ ይህንን አፈር ቆርጦ ያወጣል፣ በምትኩ ገረጋንቲ ወይም ሰሌክት የሚባለውን የማያብጥ አፈር ይሞላል፣ እየጠቀጠቀ። ወይም መሠረቱን ጠንካራው መሬት ድረስ ያወርዳል። ብር ያጠረው ሰው ደግሞ ትንሽ ቆፍሮ ድንጋይ ይደረድራል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ቀለሙ አንድ ነው፣ ሴራሚኩ አንድ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ግድግዳው ይናገራል። የ12 ዓመት ቤት መሆኑ ስለዚህ ለእናንተ ጥሩ ነው። ብዙ ክረምትና ብዙ በጋ አይቷል። የሚሰነጠቅ ከሆነ እስካሁን ተሰንጥቋል።

ደላላው «የማይሰነጠቅ ቤት የለም» ያለው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ሁሉንም ስንጥቅ አንድ ማድረጉ ነው። ልስን ላይ ወዲያና ወዲህ የተበተነ የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን መስመር፣ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። እርሱት። ኮለኑና (የኮንክሪት ምሰሶው) ብሎኬቱ የሚገናኙበት ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ቀጭን መስመርም አያስደነግጥም። ኮንክሪትና ብሎኬት ሙቀትና ቅዝቃዜ ላይ እኩል አይሄዱም፤ መጋጠሚያቸው ላይ ሽቦ ወንፊት ሳይደረግ ከተለሰነ መስመሩ ይወጣል። በረንዳው ከዋናው ቤት የሚገጥምበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ በረንዳው መሠረቱ የተለየ ነው።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው ጫፍ የሰፋ ስንጥቅ። ይሄ የቤቱ አንድ ወገን ሲወርድ ወይም ሲነሳ የሚመጣ ነው። ስፋቱን ለመገመት የኤቲኤም ካርድ ያዙ፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የካርዱ ጫፍ የማይገባበት ከሆነ በአብዛኛው የቀለምና የጂፕሰም ሥራ ነው። ካርዱ ገብቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ባለሙያ ይየው። እርሳስ የሚገባበት ከሆነ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ስለ መሠረቱ አውሩ። ከውጭም ዞራችሁ እዩት። በውስጥም በውጭም በዚያው ቦታ ላይ ከታየ ግድግዳውን ዘልቆታል፤ የልስን የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ኮለን፣ ቢም (ኮለኖቹን አግድም የሚያገናኘው ኮንክሪት) ወይም ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ፈርሶ ይሠራል። ቤቱን ተሸክሞ የቆመው ኮንክሪት ግን እንደዚያ አይደለም። ቢም ላይ ከኮለኑ አጠገብ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ፣ ፌሮውን (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ተከትሎ የሄደ ቡናማ የዝገት መስመር፣ ወይም ኮንክሪቱ ተገምጦ ፌሮው የታየበት ቦታ ካያችሁ፣ እዚያው ቁሙ። የሻወር ቤቱን ወለል ከስር፣ ማለትም ከምድር ቤቱ ኮርኒስ በላይ ያለውን ሶሌታ ማየት ከቻላችሁ እዩት። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ስንጥቅ በትክክል የት ነው ያለው? ደረጃው ከግድግዳው ጋር የሚገጥምበት መስመር ላይ ከሆነ ቀላል ሊሆን ይችላል። ከደረጃው ስር ያለው ግድግዳ ላይ በሰያፍ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ተከተሉ። የደረጃው ሆድ ላይ (ከስር በሚታየው ኮንክሪት)፣ በወርዱ ከዳር ዳር የተሻገረ ከሆነ ግን የደረጃው ፌሮ በቦታው ላይኖር ይችላል። ያንን በፎቶ መወሰን አይቻልም።

በሮቹንም አትርሱ። ሁሉንም ክፈቱ፣ ዝጉ። ሳይነካ በራሱ የሚዘጋ በር፣ ከላይ የሚታከክ በር፣ ጠርዙ በመላጊያ የተላገ በር ካለ ቁጠሩት። አንድ በር ምንም አይደለም። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ ከሆኑ ቤቱ ወደዚያ ያዘነበለ ነው። ከሃርድዌር ሱቅ ውሃ ልክ ግዙና ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ሴራሚኩን በሳንቲም ጠቅ ጠቅ አድርጉ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከስሩ የለቀቀ ነው።

አሁን አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። ይህ ቤት መጀመሪያውኑ ጂ+1 ሆኖ ነው የተሠራው ወይስ ግራውንድ ላይ በኋላ ፎቅ ተጨምሮበት? የግንባታ ፈቃዱንና የጸደቀውን ፕላን ጠይቁ። ፕላኑ ግራውንድ ብሎ ቤቱ ፎቅ ካለው፣ መሠረቱ ያልታሰበለትን ሸክም ተሸክሟል። ወረቀት የለም ከተባለ ጎረቤት ጠይቁ። «ፎቁ መቼ ነው የተሠራው?» ብቻ በሉ፤ ሰፈር ውስጥ ይህን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ጣራው ላይ ወደ ላይ ቀርቶ የዛገ ፌሮ አይታችሁ «ለጂ+2 የታሰበ ነው» ከተባላችሁ አትመኑ። ፌሮ ከላይ መተው ቀላል ነው፣ ከስር መሠረት ማስፋት ነው ብር የሚፈጀው። ጥርጣሬ ካለ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ሳይሰብር የሚለካ ሽሚት ሐመር የሚባል መሣሪያ አለ። የግንባታ ዕቃ የሚፈትሹ ላቦራቶሪዎች ይዘው ይመጣሉ። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲወዘውዘን ያስታወሰን ይህንኑ ነው፤ ከላይ ከባድ ከታች ባዶ የሆነ ቤት፣ በተለይ ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለመኪና ተብሎ ግድግዳ ያልበዛበት፣ በመጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። የቤት ጠላት ውሃ ነው፣ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ እጥፍ። ከቻላችሁ ዝናብ ጣል ባለ ማግስት ሂዱ፤ የበልግ ካፊያም ይበቃል። ከጣራው የሚወርደው ውሃ የት እንደሚሄድ ተከተሉት። አሸንዳው ይዞት ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከግቢ ይወጣል? ወይስ ግድግዳው ስር ይፈሳል? ቤቱ ዙሪያ ኮንክሪት ወይም ንጣፍ አለ? ወደ ውጭ ያዘነብላል ወይስ ወደ ቤቱ? ግድግዳው አጠገብ አትክልት ተተክሎ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ፣ ወይም ትልቅ ባሕር ዛፍ ቆሞ አፈሩን የሚያደርቅ ከሆነ፣ የስንጥቁን ምክንያት እዚያው ልታገኙት ትችላላችሁ። ደስ የሚለው ነገር ይህ መፍትሔ አለው። ብዙ ቤት ላይ ስንጥቁን ያቆመው ውሃውን ከመሠረቱ ማራቅ ብቻ ነው።

ውስጥ ደግሞ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ድረስ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። የቀዘቀዘ፣ የሚፈረፈር፣ ነጭ ጨው የሚያወጣ ቦታ እርጥበት ከስር እየሳበ ነው። ሰዎች እዚያ ላይ ሴራሚክ ይለጥፋሉ፣ ወይም ቁም ሳጥን ያስጠጋሉ። ቁም ሳጥኑን አስነሱ። «ከባድ ነው» ቢሉም አስነሱ። ኮርኒሱ ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ወይም አንድ ማዕዘን ብቻ አዲስ የተቀየረ ኮርኒስ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል።

ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። መንግሥት ውሃ ባለበት ቀን መሆን አለበት፤ በፈረቃ ስለሆነ ቀኑን ከጎረቤት ጠይቁ። ሁሉም ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ አንድ ቦታ ከመሬት ስር ይፈሳል። ከዚያ ፖዜቶዎቹን (የፍሳሽ መስመሩን መፈተሻ ጉድጓዶች) አስከፍቱ፣ ከላይኛው ሽንት ቤት አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና ሲወርድ ተመልከቱ። ቶሎ ካልሄደ ወይም ፖዜቶው ውስጥ ከተኛ መስመሩ ተዘግቷል አለዚያም ወደ ኋላ ያዘነብላል። ሴፕቲክ ታንኩ የት እንደሆነ፣ መምጠጫ መኪና ሊደርስበት እንደሚችል፣ ከመሬት ስር የውሃ ታንከር ካለ ከእሱ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቁ። ሮቶው ላይ ውጡ ባልላችሁም፣ የቆመበትን ብረት ግን እዩት።

ኤሌክትሪኩ አጭር ነው። ምጣድ ሰክታችሁ አብሩ። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። አምፖሎቹ ደብዘዝ ካሉ ወይም ሶኬቱ ከጋለ ሽቦው ቀጥኗል። ምጣዱ የራሱ ብሬከር አለው? ኤርዝ (አደገኛውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) አለ? ቆጣሪው የማን ስም ላይ ነው፣ ያልተከፈለ ሂሳብስ?

ወረቀቱ የጠበቃ ሥራ ነው፤ ጠበቃ ያዙ፣ አትሰስቱ። እኔ ከሥራዬ ጋር የሚነካካውን ብቻ ልበል። የይዞታ ካርታው ላይ የቦታው ኮኦርዲኔት (የድንበሩን ማዕዘኖች የሚያሳይ ቁጥር) አለ። ቀያሽ ይዛችሁ አስለኩት። አጥሩ ከካርታው ወጥቶ የጎረቤትን ወይም የመንገድን መሬት የያዘበት ግቢ ብዙ ነው፤ እናንተ የምትከፍሉት ግን በዓይናችሁ ላያችሁት ነው። ሰርቪሱ (ከዋናው ቤት የተለየው ትንሽ ቤት) ካርታው ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። ቦታው በከተማዋ ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበ፣ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ይነካው እንደሆነ ክፍለ ከተማው ላይ ጠይቁ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ይህንን ሳያጣሩ መግዛት ድፍረት ነው። እዳና እገዳም እዚያው ይጣራል።

ካርታው ሊዝ ነው (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዓመት የተያዘ) ወይስ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ በፊት የተያዘ)? መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እናንተ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ አለ፣ ስንት ዓመትስ ቀርቶታል? ለመኖሪያ የሚሰጠው 99 ዓመት ነው። ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ይህን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሩት። ስም ማዛወሪያውንና ግብሩን ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ውክልናው ላይ ቁሙ። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ መጻፍ አለበት። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ የትዳር ጓደኛም ፈቃድ ያስፈልጋል። ውክልናው አለመሻሩን ከሰነዶች ማረጋገጫ አጣሩ። ወካዩ በሕይወት ከሌለ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ስለዚህ ራሱን ባለቤቱን በቪዲዮ አናግሩት። አታፍሩ። አሜሪካም ይሁን ዱባይ፣ ቤቱን የሚሸጥ ሰው አሥር ደቂቃ አያጣም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ደላላ «ሰፈሩ በካሬ ይህን ያህል ነው» ሲል የሚነግራችሁ የተጠየቀውን ዋጋ ነው፣ የተሸጠበትን አይደለም። ሁለቱ ይራራቃሉ። በቅርብ የገዛ ጎረቤት ካገኛችሁ እሱን ጠይቁ። የባንክ ግምት ቢያሳዩአችሁም ባንኩ የገመተው ብድሩን የሚያስመልስበትን ነው እንጂ ለእናንተ ብሎ አይደለም። ከዚያ ያገኛችሁትን ጉድለት ለአንድ ግንበኛ፣ ለአንድ የቧንቧና ለአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳይታችሁ አስገምቱ። የሦስቱን ድምር በጽሑፍ ይዛችሁ ለድርድር ተቀመጡ። «ትንሽ ቀንሱልን» ከማለት «አሸንዳና ፍሳሽ ለማስተካከል ይህን ያህል ያስፈልገናል» ማለት ይሻላል።

የሚያፈስ ጣራ፣ የተዘጋ ፍሳሽ፣ ቀጭን ሽቦ፣ የለቀቀ ሴራሚክ፣ እነዚህ ሁሉ በብር ይፈታሉ፤ ዋጋ አስቀንሱባቸውና ግዙ። ፌሮው የታየ ኮለን፣ ያለ ፕላን የተጨመረ ፎቅ፣ ከካርታው የወጣ ቤት፣ ባለቤቱን ማናገር የማይፈልግ ወኪል፣ እነዚህ ላይ እኔ ብሆን አልደራደርም፣ እሄዳለሁ።

ካያችሁት በኋላ ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ ውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የምትል አረፍተ ነገር ልትኖር ትችላለች። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃችሁ ያያችሁትን ጉድለት ዘርዝሮ፣ ከነዚህ ውጭ ሻጩ የሚያውቀው ስውር ጉድለት እንደሌለ ማረጋገጫ ያስገባበት። ቀብዱም ላይ የእዳና እገዳው ማጣሪያ ችግር ካሳየ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ይጻፍ። የስንጥቁን ፎቶ ልትልኩልኝ ከፈለጋችሁ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ፤ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ደግሞ ደረጃው በሙሉ እንዲታይ ራቅ ብላችሁ።